ከዚህ ቦታ የተነሣው ማን ነው?

ክቡራን የዩኒቨርሲቲያችን መምህራንና ሠራተኞች፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሁሉ አስቀድሞ ክቡር ዶክተር ወልደአረጋይ፤ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት የሶሲዮሎጂ መምህራችንና የስደት ነገር ተመራማሪያችን በጡረታ ሲሰናበቱን፣ ባልደረቦቻቸውን ወክዬ እንድናገር ስለታዘዝሁ ነው። እኔ የግእዝ መምህር ነኝ። ሰውን ፊት ለፊቱ ማመስገን ያደግሁበት ትምህርት ቤት አይወደውም። ስለዚህ ከነቀፌታው እጀምራለሁ።

ዶክተር፣ ወደ ደብረ ብርሃን በመጡበት ዕለት የመምህራን ስብሰባ ነበረን። ሁላችን ብርዱን ፈርተን ተጠጋግተን ተቀምጠናል። እርስዎ በዚያች ስስ ኮት ከበሩ ሥር ቆመዋል። አንድ ወንበር ባዶ ነበርና ሰብሳቢው «ይቀመጡ እንጂ» አሉዎ።

«ከዚህ ወንበር የተነሣው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ በዚያው የቀረ ባልደረባችን ወንበር መሆኑን ነገርንዎ። «እንግዲያው ልቁም» ብለው ስብሰባው እስኪያልቅ ቆሙ። እኔም አጠገቤ ለነበሩት ለአቶ ኃይለ ገብርኤል «መምህር ላኩልን ብንል ዘበኛ ላኩልን» አልኋቸው።

ጠባዩም አልለቀቀዎትም። ወደ አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ይህንኑ ሲጠይቁ ሾፌሩ «ጌታዬ፣ የወረደው ሰውዬ ይኼኔ እቤቱ ገብቷል፤ ይግቡልኝና እንሂድ» ያለዎትን እዚህ ያለነው ሁሉ እናስታውሳለን።

ተማሪም አይተርፍዎትም ነበር። ዛሬ ባልደረባችን የሆነችው መምህርት ፈሂማ ያኔ ተማሪዎ ሳለች ከስደት ስለተመለሰ አንድ ሰው የጻፈችውን ጽሑፍ ደጋግመው መልሰውባታል።

«ይህን ሰው አግኝተሽዋል?»

«አግኝቼዋለሁ፣ ዶክተር።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ስም አትጻፉ ብለውን የለም እንዴ?»

«አትጻፉ አልሁ እንጂ አትወቁ አልሁ?»

ፈሂማ በማግሥቱ የሰውየውን ስም ልትጠይቅ ወደ ቆላ ወረደች። አሁን እሷም ተማሪዎቿን እንዲሁ ታስጨንቃለች።

የመቆማቸውን ምክንያት ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ዶክተር ወልደአረጋይ ገና ተማሪ ሳሉ ለጥናት ከአንኮበር በታች ወዳለችው አሊዩ አምባ ወርደው ወይዘሮ አፊፋ ከሚባሉ እናት ቤት ገቡ። የእኒህ እናት ልጅ ሙኽታር ባሕር ተሻግሬ ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ ወጥቶ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ዶክተር ደክሟቸው ነበርና አጎዛ ተነጥፎበት ካዩት፣ ከበሩ ጎን ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ። የሙኽታር ቦታ ነበር፤ እሱ ከሄደ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ወይዘሮ አፊፋ እንግዳ አክባሪ ናቸውና አልተቆጡም። መደቡ የማን እንደሆነ ነገሯቸውና፣

«አንተ የተማርህ ነህ፤ ልጄ አለ በለኝ» አሏቸው።

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው አውቀህ ና።»

«አለ» ብሎ ማጽናናት ቀላል ነበር። ብዙዎቻችን ያቺን ቃል ተናግረን፣ ተመርቀን፣ ደስ ብሎን እንወጣ ነበር። እርስዎ ግን በማያውቁት ነገር የእናትን ልብ አላሞኙም። ከዚያ ወዲህ እስከ ጅቡቲ ጠረፍ ድረስ በሄዱበት ሁሉ የጥናቱን ጥያቄ ሲጨርሱ የሙኽታርን ስም ጠይቀዋል። በየዓመቱም ወደዚያ ቤት ወርደው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «እስካሁን አላወቅሁም፣ እናቴ» ብለው ተመልሰዋል። በዚያ ቤት ዳግመኛ አልተቀመጡም።

ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ስደት የምትጽፉ ሁሉ ይህን ያዙ። የሄደ ሰው ቦታ ትቶ ይሄዳል። ቦታውን ሳታዩ ስለ ሰውየው አትጻፉ። እኝህ ሰው ያስተማሩን ይህንን ነው፤ ስለዚህም እናመሰግናቸዋለን።

ባለፈው ሳምንት ቢሯቸውን ሲለቁ ላግዛቸው ገብቼ ነበር።

«መሪጌታ፣ ይህ ሽኝት ይቅርብኝ» አሉኝ።

«ስለ ምን?»

«አውቀህ ና ተብዬ ነበር። ሳላውቅ ጨረስሁ። ከእንግዲህ ምን ይዤ እወርዳለሁ?»

እኔም ማባበል አልተማርሁም።

ዶክተር፣ ሳላስፈቅድዎ ከአንኮበሯ ጎረቤላ ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ወረድሁ። ወይዘሮ አፊፋን ለዚህ ግብዣ ልጠራቸው አስቤ ነበር፤ አርጅተዋልና ዳገቱን አልቻሉትም። አጎዛው ዛሬም ተነጥፏል። ሥራዎን መጨረስዎን፣ ስለ ሙኽታርም አንዳች አለማወቅዎን በግልጽ ነገርኋቸው። ወደ መደቡ እየተመለከቱ መልእክት ሰጡኝ።

ከመልእክቱ በፊት ሁላችሁም ተነሡና ብርዛችሁን አንሡ። ዶክተር ወልደአረጋይ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ጉልበትዎ የአንኮበርን ቁልቁለት አይፍራ። ያስተማሯቸው ልጆች ደጅዎን አይርሱ። እኛም ወንበርዎን ባየን ቁጥር ማን እንደተነሣ እንናገራለን። ስለ እውነተኛ አንደበትዎ እንጠጣ።

አሁን የወይዘሮ አፊፋን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ። እንዲህ አሉኝ፦

«የሚያውቀው አላህ ነው፤ እሱ ከየት ያውቃል? መጥቶ ይቀመጥ በሉልኝ። ሙኽታር እስኪመጣ በቦታው ይቀመጥልኝ፤ ባዶውን ሳየው ዓይኔ ከዚያ አይነሣም።»