ያን ጥቁር አንሳልኝ ያልኩት ዕለት

በእኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ሠርግ የሚቀረጸው በካሴት ነበር፤ የትልቋ ልጄ የጫልቱ ሠርግም በካሴት ነው ያለው። ታዲያ ባለቤቴ ኦቦ ደበላ ካረፈ ወዲህ፣ ሲሄድ ሲንቀሳቀስ የማየው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ የለኝም። እና ማጫወቻው ተበላሸ፣ ወንዱ ልጄም ያን ሰፊውን ቴሌቪዥን ገዛልኝ፣ ካሴቱን እዚሁ ሰበታ ቪዲዮ ቤት ላለው ለቶላ ሰጠሁትና ወደ ሲዲ ገለበጠልኝ። ቤት ወስጄ ባየው፣ ሥዕሉ መሐል ላይ ሆኖ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። ከል ያወለቅኩት በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ፣ አስቡት። ተመለስኩና፣ "ቶላ፣ ሠርግ ላይ ጥቁር ምን ይሠራል? አንሳልኝ" አልኩት። እሱ እቴ፣ "አዴ፣ የድሮ ሥዕል ጠባብ ነው፣ ቴሌቪዥንዎ ደግሞ ሰፊ፤ ይሙላ ካሉ ከላይና ከታች ይቆረጣል" ቢለኝ፣ እኔ መች ሰማሁ! ይቆረጥ አልኩ፣ ጥቁሩ ብቻ ይውጣ። አወጣልኝ። አዲሱን ሲዲ ይዤ ስገባ የፊተኛውን ሲዲም ካሴቱንም እዚያው ረሳሁት።

በነጋታው ያ የማስተር ፕላኑ ግርግር መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ሁላችንም ቤት ተከተትን። ታዲያ ጎረቤት ተሰብስቦ ሠርጉን እንይ አልን። ጥቁሩ የለም፣ ጥሩ። ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል፣ ጥሩ። ደበላ ከኋላቸው ቆሟል፣ መቼም ረጅም ነበር፣ የእኛን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ኮቱ አለ፣ ክራቫቱ አለ፣ ጭንቅላቱ የለም። ወደ ፊት ብናሳልፈው ያው ኮት። ባለሱቋ ዘይነባ "ይሄ ኮት የማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። በገዛ አፌ እኮ ነው ያስቆረጥኩት!

እና ደግሞ በዋናው መንገድ በኩል ጭስ ይታያል፣ የቶላ ሱቅ ያለው እዚያው ነው። ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ረገብ ሲል በእግሬ ቶላ ቤት ሄድኩ፣ አካም ጅርቱ ብዬ ሰላም እንኳ ሳልለው፣ "ካሴቴ ተቃጠለ?" አልኩት።

"አይ አዴ፣ ግርግሩ ሲጀምር የሰውን ካሴት ሁሉ በጆንያ ይዤ ወጣሁ፤ አደራ አይደለም እንዴ?" አለኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ከነጥቁሩ አሳየኝ አልኩት።

ደበላ ከነፊቱ መጣ። እንግዲህ ስሙኝ፣ ድሮ ያን ካሴት ስናይ ሁላችንም ሙሽራዋን ነው የምናየው፣ የዚያን ቀን ግን እኔ እሱን ብቻ አየሁ። እና ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ እሱ እኔን ያያል። እንግዳ ላስተናግድ ወዲህ ስል ወዲህ፣ ወዲያ ስል ወዲያ፣ ዓይኑ ከእኔ አይነቀልም። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አንድ ቀን እወድሻለሁ ሳይለኝ፣ ሰውየው!

"እማማ፣ እርስዎስ እወድሃለሁ ብለው ነግረውት ያውቃሉ?" አልኳቸው፣ ጨዋታቸውን ስሰማ የቆየሁት እኔ።

"እኔማ የት አባቴ፣ ወጥ ስጨምርለት የሚገባው መስሎኝ" ብለው ሳቁ።