ፊኛ የማያውቀው ባለ ፊኛ

በፈረንጆቹ 1952፣ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የጋራ ምሳ ነበር። ዊልማ ጭልፋ ይዛ የቃሪያ ወጥ ታወጣለች። የጦር ሰፈሩ ሻምበል ሰሃኑን ይዞ ሦስተኛ ተሰልፏል። ዊልማ ያላየችው መሰለች እንጂ ደህና አድርጋ አይታዋለች። ሳቋ እያመለጣት አጠገቧ ወደቆመችው ጓደኛዋ ዞረች።

«ሎሬታዬ፣ እስቲ ቅመሺልኝ። ዘንድሮ ቃሪያው ለዘብ አላለም? ሰማዩስ እንዴት ጠርቷል! ቀና ብዬ ላየው አማረኝና... ተውኩት። ያየሁት ምን እንደሆነ ማን ይነግረኛል?

«ሄርሼል? ባሌማ ደህና ነው። ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ፊኛ እየተማረ ነው። ምን ያስቅሻል? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የአየር ጠባይ ጣቢያውን ፊኛ በየማለዳው በገዛ እጁ ነፍቶ ሲለቅ የኖረ ሰው፣ ሐሙስ በጠራራ ፀሐይ ከንፋስ ወፍጮው በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚያብረቀርቅ በራሪ ሰሃን አየና... ለካ ፊኛ ኖሯል! ጋዜጣው ላይ አላነበብሽም? "ፀሐይ መትቶት ነው" ይላል። አንድ ደግ ሰው ናቸው ከጦር ሰፈሩ ሆነው ለጋዜጣው የነገሩልን። ምን ዓይነት ዓይን ነው እቴ! አርባ ማይል ርቀው፣ ቢሮ ውስጥ፣ መጋረጃው ተዘግቶ...

«ይደብቃሉ የሚል ሰው አለ አሉ። ይደብቃሉ እንዴ? ለኛ አዝነው ነው እንጂ! ሰሃን አይተን እንዳንደነግጥ። ይኸው ዛሬ ስንት ሰሃን ተሰልፏል፣ ማን ደነገጠ? ደግሞስ ያን ሁሉ ሜዳሊያ ደርድሮ "አላውቅም" ማለት ያምራል? ፊኛ ይሻላል። ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ባዶ፣ አንዴ ከተነፋ በኋላ ሁሉን ቁልቁል የሚያይ... ኧረ ስለ ዕቃው ነው የማወራው! ምን ያገላምጥሻል?

«ለነገ ወረቀት ልከውለታል። "ያየሁት ፊኛ ነው" ብሎ ከፈረመ ሥራው አይነካም፤ ካልፈረመ ጣቢያውን ያስረክባል። ርኅራኄያቸውን አየሽ? የኔው ሞኝ ግን ምን አለኝ መሰለሽ? "ፊኛ አይቶ የማይለይ ሰው ነኝ ብዬ ከፈረምኩ፣ ፊኛ ጣቢያ ምን እሠራለሁ?"»

እዚህ ላይ ሳቋ ተሰበረ። ሄርሼል ከሐሙስ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰም፤ ትናንት ገበያ ውስጥ ሰዎች "ፀሐዩ እንዴት ነው?" እያሉ ሲስቁበት እሷም አብራው ነበረች። ጭልፋዋን አነሳች። ሻምበሉ ፊቷ ደርሶ ነበር። ከወጡ ወፈር ያለውን መርጣ ሰሃኑን ሞላችለትና፣ ዓይኗን ከሎሬታ ሳትነቅል፣ እንደ ማር ጣፍጣ ቀጠለች።

«እኔማ ቂም አልይዝም፤ መመረቅ ነው የምወደው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ዓይናቸውን ይጠብቅላቸው። እሳቸውም አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ለብቻቸው፣ ያንኑ ይዩ። ደንግጠው እየሮጡ ሲመጡም... ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ደግ ሰው አያሳጣቸው!»