ማሚቱ የመሰከረች ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ያኔ በደርግ፣ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ቀበሌው ሁሉ የየራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረው፣ ዳኞቹም ከሰፈር የተመረጥን ሦስት ሰዎች ነን። ሕግ የተማርን እንዳይመስላችሁ! እኔ ጠላ ጠማቂ፣ ጓድ ሊቀመንበር ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ኃይሌ ደግሞ ገና ሸንጎው ሲጀመር እንቅልፍ የሚወስዳቸው።

ታዲያ የእትዬ ዘውዴ ሙክት ጠፋ እና ጎረቤቷ ወርቁ "አርዶ የበላው ኦቦ አብዱላሂ ነው፣ ልጄ በዓይኗ አይታለች" ብሎ የስድስት ዓመቷን ማሚቱን ጎትቶ አመጣት። ኦቦ አብዱላሂ ጫት ነጋዴ ነው፣ ልጆቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ከተፈረደበት እስር ቤት መግባቱ ነው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

"ማነው ያረደው?" አላት ሊቀመንበሩ።

"ኦቦ አብዱላሂ!" አለች እና አባቷን ቀና ብላ አየችው።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደለቀው። "በቃ! ልጅ አይዋሽም! እንፍረድ!"

"ኧረ ጓድ፣ ልጅ ያስጠኗትን ነው የምትለው፣ እኔም ወልጃለሁ!" አልኩት።

ጋሽ ኃይሌ ባነኑና "ተፈረደ እንዴ?" አሉ። እሳቸውን ተዉአቸው።

ታዲያ እኔ ልጅቷን ጠጋ አደረግኋት እና "እስቲ የኔ እናት፣ ሲያርድ እንዴት እንዳደረገ አሳዪኝ" አልኳት። እሷ ጨዋታ መሰላት! ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች፣ ድምፅዋን እንደ ወንድ አወፈረች፣ እና "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!" ብላ እጇን በአየር ላይ ሰነዘረች።

ኦቦ አብዱላሂ ብድግ አለ። "አስተግፊሩላህ! እኔ? አብዱላሂ? በስመ አብ ብዬ?"

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ፣ ሚስቱም ከእንባዋ ጋር ሳቀች!

"እንዲህ ያለው ማነው ልጄ?" አልኳት።

"አባዬ ነዋ! እማዬ ደግሞ 'አንተ ሰው፣ ጾም ነው!' አለችው።"

ሁዳዴ ነበር እኮ ልጆቼ! ወርቁ ላብ በላብ ሆነ። ኦቦ አብዱላሂማ ስሙ መጥፋቱን ረስቶ "ሙክቱስ ይሁን፣ ሰው እንዴት በጾሙ ይበላል?" እያለ አዘነለት።

ወርቁ ሙክቱን ይተካ ብለን ፈረድንበት፣ አብዱላሂም ሚስቱን ይዞ ወጣ። እዩልኝ እንግዲህ፣ ልጅን ስም ማስጠናት ይቻላል፣ ያየችውን ግን ከዓይኗ ማን ያወጣዋል?

ማሚቱ ግን ሰው ሲስቅላት ጊዜ ደስ ብሏት "ሌላም አይቻለሁ! ጋሼ ሊቀመንበርን በጓሮ በር—" ስትል ሊቀመንበሩ "ሸንጎው ተዘግቷል!" ብሎ ጮኸና ኮፍያውን ጥሎ ሮጠ።

"እና ምን አይታ ኖሯል እማማ?"

"ምን አውቄ? ሰው ሁሉ እኮ የኔንም ታወጣ ይሆናል ብሎ ተከትሎት ወጣ፣ ጋሽ ኃይሌ ሳይቀሩ! እኔስ ብሆን ልቆም ኖሯል?" ኪኪኪ!