የዱቄት ቀለም

ከነቀምቴ ወደ ጉቴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በፌስታል የጠቀለለውን የመኪና የፊት መብራት ግማሹን እኔ ጉልበት ላይ አሳርፎታል። ከወዲያ በኩሉ የተቀመጡት እናት ወሬ ጀመሩት።

«ኦቦሌሳ፣ መካኒክ ነህ?»

«አይ አዴ፣ እቤቴ ነው የምቀባው። ይሄ ጥቁሩ ፕላስቲክ የእጄ ሥራ ነው። ጉቴ ወስጄ ለሚስቴ ላሳያት ነው።»

«ጉቴ ምን ትሠራለች?»

«አኩርፋ እናቷ ቤት ገብታለች። ለኦቨን ብላ!»

«የምን ኦቨን?»

«የዳቦ ነዋ። በዕቁብ የገዛችው ነው፤ ለባኬ ጃማ ሰፈር ሱቆች ዳቦ ትጋግርበት ነበር። እኔ ደግሞ የዱቄት ቀለም አገኘሁ። እሱ እሳት ካልነካው አይዝም።»

«እና መብራቱን ጋገርከው?»

«ዱቄት አይደል እንዴ? ቀለሙ ቀልጦ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል ብዬ ነው።»

«ፕላስቲኩስ?»

«እሱ ቀድሞ ቀለጠ።»

«ያ ዋቃዮ! ኦቨኑስ?»

«ምን ይሆናል፣ ደህና ነው። ዳቦው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል ብለው ሱቆቹ መግዛት ተዉ እንጂ።»

«ታዲያ ይቅርታ ብለሃታል?»

«የምን ይቅርታ? ይሄኛውን እኮ በስፕሬይ ቀብቼ ፀሐይ ላይ ነው ያደረቅኩት። እንዴት እንደሚያምር አይታ ሥራ እንደምችል ይግባት።»

«እሷም እኮ ሥራ ትችል ነበር።»

«ማን?»

ጉልበቴ ላይ ያረፈውን የመብራቱን ጫፍ ቀስ ብዬ ወደ ራሱ ጉልበት ገፋሁት።