በቀይ ጤፍ መሀል የቆመ ሰው

ነሐሴ ማለቂያ፣ ጠዋት፤ ጎጃም ውስጥ፣ ሜዳው ሁሉ ነጭ ጤፍ በኩታ ገጠም ተዘርቶበት መሀሉ ላይ አንዲት የቀይ ጤፍ ማሳ ቀርታለች፤ ባለማሳው ዳኘው ጤፉ ውስጥ ቆሟል፣ ጎረቤቱ ሽባባው መንገዱ ዳር ሆኖ ይለምነዋል፤ ከሜዳው ማዶ ፀረ አረም የምትረጨው፣ አገሬው ጢንዚዛ የሚላት ድሮን ተነስታለች።

ሽባባው፦ ውጣ ብዬሃለሁ አያ ዳኘው! በሞቴ ውጣ!

ዳኘው፦ አልወጣም። በሰው ማሳ ምን አንጨረጨረህ?

ሽባባው፦ ጢንዚዛዋ እየመጣች ነው። አይሰማህም እንዴ ስትጮህ?

ዳኘው፦ ይሰማኛል። ስለምትመጣ እኮ ነው የቆምኩት። የግብርና ባለሙያው ስብሰባ ላይ ምን አለ? «ሰው ካየች አትረጭም፣ ዘላ ታልፋለች።» እኔ እዚህ ከቆምኩ ጤፌ ተረፈ ማለት ነው።

ሽባባው፦ የምታልፈው ሌላ ሰው ከሆነ ነው።

ዳኘው፦ እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ? ጉቶ?

ሽባባው፦ ጉቶ ብትሆንማ ምን ነበረበት!

ዳኘው፦ ሂድ ወዲያ! አምና ጅብ ቀበሌ መጥቶ መታወቂያ አወጣ ብለህ አገሩ ሁሉ በጊዜ በሩን ሲዘጋ ከረመ።

ሽባባው፦ እሱ እኮ እውነት ነው። ፎቶ ሲነሳ ስለሳቀ ተበላሸበት እንጂ።

ዳኘው፦ ሐምሌ ላይ ደግሞ «በሬዬ በቀኝ ቀንዱ ሬዲዮ ይይዛል» አልክ።

ሽባባው፦ በግራው ነው። ቀኙ አይስብም። አያ ዳኘው፣ ቀልዱን ተወው። ዛሬ ውሸት አልያዝኩም።

ዳኘው፦ የሚያስፈራውስ ውሸታም እውነት ይዞ የመጣ ዕለት ነው። ማን ላከህ? «ኩታ ገጠም አልገባም ያለውን አውጣልን» አሉህ?

ሽባባው፦ ማንም አልላከኝም። እዚህ መቆሜን ቢያዩ ለእኔም አይበጀኝም።

ዳኘው፦ ሜዳው አንድ ዓይነት ይሁን፣ ዳኘው ብቻ ቀይ ይዞ አበላሸብን ሲሉ ነው የከረሙት። ዝናብ የቀረ ዓመት ማን አበላቸው? ይኸው ቀዩ አይደለም? ያን ረሱት። አገዳው ቀላ ስላለ፣ አረም ነው ብለው እንዳስተማሯትም አውቃለሁ።

ሽባባው፦ ጤፉን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ዳኘው፦ ምን ማለትህ ነው?

ሽባባው፦ በቆሎው ዳር ያቆምከውን ማስፈራሪያ ዛሬ አይተኸዋል?

ዳኘው፦ አየሁት። ያለበስኩት ኮቴ ነጣ ነጣ ብሏል። ደግሞ ይሸታል። ዝናብ ነው ብዬ…

ሽባባው፦ ዝናብ ኮት አያነጣም። ትናንት ለሙከራ ስትበር እኔ እዚሁ ነበርኩ። የይግዛውን ማስፈራሪያ አለፈችው። አህያ አለፈች። ቄሱን አለፈቻቸው፤ እንዲያውም ጥላቸው እንዳይነቃነቅ ከፍ አለችላቸው። ያንተ ኮት ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ወረደች። ሙሽራ እንደሚመርጥ ሰው ዙሪያውን ዞራ አየችው። ከዚያ እስኪንጠባጠብ ረጨችው።

ዳኘው፦ ሽባባው፣ ይሄ ከተረቶችህ አንዱ ነው በለኝ።

ሽባባው፦ ብልህ ደስ ባለኝ።

ዳኘው፦ ኮቴ ምን አደረጋት?

ሽባባው፦ ኮቱ ምንም አላደረጋት፣ አንተን መስሏት ነው።

ዳኘው፦ እኔንስ የት ታውቀኛለች?

ሽባባው፦ በስልካችን ፎቶ እየላክን፣ የሌላው ፎቶ ሲመጣልንም እየመለስን አላስተማርናትም? አረንጓዴውን ከነካህ አዝመራ፣ ቀዩን ከነካህ አረም…

ዳኘው፦ እሺ።

ሽባባው፦ አንተ ያን ኮት ለብሰህ፣ ጎንበስ ብለህ ስታርም፣ ቀና ብለህ ፀሐይዋን ተቆጥተህ ስታያት… ፊትህ እንዴት እንደነበር! ፎቶ አነሳሁህ። ለሳቅ ነው፣ እመብርሃንን፣ ለሳቅ ብቻ።

ዳኘው፦ ከዚያ ቀዩን ነካህ።

ሽባባው፦ ጣቴ ነካው።

ዳኘው፦ ጣትህ የጎረቤት ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት አንተ ነህ!

ሽባባው፦ ስደበኝ፤ ግን ወጥተህ ስደበኝ።

ዳኘው፦ ቆይ፣ ቆይ። ባለሙያው የአንድ ሰው ቃል አታምንም ብሏል። የምትይዘው ብዙ ሰው ያለውን ነው። ያንተ አንድ ጣት የት ይደርሳል?

ሽባባው፦ ጠላ ቤት አሳየኋቸው።

ዳኘው፦ ሳቁ?

ሽባባው፦ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዱ ስልኩን አወጣ። ቀጥሎ ሌላው። ኋላማ የሚስቅ አልነበረም፣ አያ ዳኘው። ዝም ብለው ነበር የሚነኩት።

ዳኘው፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።

ሽባባው፦ እኔ እኮ ሳቁ የሚያልቅ አልመሰለኝም ነበር።

ዳኘው፦ ይግዛውም ነበረበት? ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት?

ሽባባው፦ እሱማ ያለው ሁለት ስልክ ነው።

ዳኘው፦ ቄሱስ?

ሽባባው፦ እሳቸው ስልክ የላቸውም።

ዳኘው፦ ተመስገን።

ሽባባው፦ ተበደሩ።

ዳኘው፦ ወንጌሉ እንክርዳዱን ከስንዴው ጋር እስከ አጨዳ ድረስ ተዉት አይደለም እንዴ የሚለው? ራሳቸው አይደሉም ያነበቡልን?

ሽባባው፦ ጢንዚዛዋ ወንጌል አልሰማችም። ያስተማርናት እኛ ነን።

ዳኘው፦ በል ባለሙያውን ጥራልኝ። ያቁማት።

ሽባባው፦ ወረዳ ሄዷል፣ ስልኩም አይነሳም። ቢነሳስ? ራሷ ትነሳለች፣ ራሷ ሄዳ መድኃኒቷን ትሞላለች፣ ስትጨርስ ራሷ ትተኛለች። እሱ የሚያውቀው ማጨብጨብ ነው። ይኸውልህ፣ የጎረቤትህን የልየውን ማሳ ጨረሰች። ዞረች። ውጣ!

ዳኘው፦ ብወጣ ጤፌን ታቃጥለዋለች። የዓመት እንጀራችን ነው፣ ሌላ የጤፍ ማሳ የለኝም። ብቆም ደግሞ እኔን። የቱን ነው የምትመርጥልኝ?

ሽባባው፦ ጤፍ ተመልሶ ይዘራል።

ዳኘው፦ በምን ዘር? የዚህ ዘር ያለው እዚህ ብቻ ነው። ሁላችሁም እኮ ነጩን ስትወስዱ ቀዩን ፈጭታችሁ በላችሁት።

ሽባባው፦ እኔም በልቻለሁ፣ አልክድም።

ዳኘው፦ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ባንቺአምላክስ? ሚስቴስ?

ሽባባው፦ ተወው እሱን።

ዳኘው፦ ንገረኝ አልኩህ!

ሽባባው፦ እሷ አዝመራ ብላ ነበር። ፎቶህ ስልኳ ላይ ሲመጣባት ወዲያው አረንጓዴውን ነካች። ጉድጓድ ውሃ ጋ አጠገቧ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዳኘው፦ እሰይ የእኔ እመቤት!

ሽባባው፦ ስልኩ ግን «ይህ መልስ ከሌሎች መልስ ጋር አይስማማም፣ እባክዎ እንደገና ይመልከቱ» አላት።

ዳኘው፦ እንደገና አየች?

ሽባባው፦ አየች። አረንጓዴውን ደገመችው። መልሶ ጠየቃት። ደገመችው። ፎቶህ ከስልኩ ላይ አልለቅ አለ፤ ለእህቷ እንኳ መደወል አቃታት። ምሳ አቀረበች፣ ጠየቃት። ላም አለበች፣ ጠየቃት።

ዳኘው፦ በመጨረሻስ?

ሽባባው፦ በመጨረሻ ስልኩ ለቀቃት።

ዳኘው፦ ምን ነክታ ለቀቃት?

ሽባባው፦ አያ ዳኘው…

ዳኘው፦ ገባኝ። ለዚህ ነው ለካ ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን ማየት የፈራችው።

ሽባባው፦ ደረሰች! የልየውን ድንበር አለፈች! በማርያም፣ ና ወደዚህ!

ዳኘው፦ ዝም በል። እኔን ምን እንዳሉኝ ሰማሁ። አንተንስ ምን አሉህ?

ሽባባው፦ እኔን? እኔንማ ማን ይነካኛል! እኔ አይደለሁም እንዴ የማስቃቸው?

ዳኘው፦ ከጠላ ቤት ማን ቀድሞ ወጣ?

ሽባባው፦ እኔ። ሳቁ ሲያልቅ አልተመቸኝም።

ዳኘው፦ ስትወጣ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ነበር?

ሽባባው፦ አይ፣ እንደያዙ ነበሩ። እንዲያውም አንዱ በስሜ ጠራኝ። ዞር ስል መብራት ዓይኔ ላይ ብልጭ አለብኝ።

ዳኘው፦ ሳቁ?

ሽባባው፦ …አልሳቁም።

ዳኘው፦ ሽባባው፣ ቀስ ብለህ ቀና በል። እኔ ላይ ደርሳ ነበር፤ የኋለኛው አረም አንተ ሳትሆን አትቀርም፣ ተወችኝ። ወደ መንገዱ ዞራለች።

ሽባባው፦ አያ ዳኘው! እየወረደች ነው! ዙሪያዬን እየዞረች ነው! ወዴት ልግባ?

ዳኘው፦ ና ግባ እንግዲህ። ጤፉን ግን እንዳትረግጥብኝ።