ከአናት የተነሡት ሦስት መስመሮች

ይህ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት፣ ሟቹ ድምፃቸው ከተዘጋ በኋላ በወረቀት ጽፈው ባዘዙን መሠረት፣ የሌላ ሰው ስም ይቀድማል። ዓይነ ስውራን ተማሪዎቻቸው መጽሐፍ ይሰሙበት የነበረውን የኮምፒውተር ድምፅ መጀመሪያ የሠራው፣ ኢንተርኔት ላይ «ጉንዳን» በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ነው። ትእዛዛቸው ተፈጽሟል፤ አሁን ወደ እርሳቸው እንመለስ።

ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ሲጢጥ» እያሉ የሚጠሯቸው ወንድማችን፣ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በአራተኛ ልጅነት ተወልደው፣ በየማታው የአባታቸውን ጠረጴዛ እየጠረጉ፣ አንዲት ብሎን ወድቃ ካዩ ሳያነሷት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሆነው አደጉ።

ትምህርታቸውን በሒሳብ አጠናቀው በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሩ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በጫማቸው ነው፤ ቀኝ እግራቸው በረገጠ ቁጥር ሲጢጥ ስለሚል ልጆቹ ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ያውቋቸው ነበር። አዲስ ጫማ ሲገዙም «መምጣቴን በምን ይወቁ?» እያሉ፣ የሚጮኽ እስኪያገኙ ባለሱቁን ያደክሙት ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት በብሬል ማተሚያ ክፍል ይሠሩ የነበሩትን፣ እንደ ተማሪዎቹ ዓይነ ስውር የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

አንድ የብሬል መጽሐፍ ለአሥራ አምስት ልጅ ሲዳረስ እያዩ አንጀታቸው ያረረው መምህር፣ ጉንዳን ለማንም በነፃ ከለቀቀው ሥራ ተነሥተው፣ መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ለመሥራት አራት ዓመት ደከሙ። የጉንዳን ፈቃድ አንዲት ግዴታ ብቻ ነበረበት፦ በየፋይሉ አናት የተጻፉት ሦስት መስመሮች፣ ማለትም ስሙና የፈቃዱ ቃል፣ ከሥራው ጋር አብረው ይዙሩ። ያነሣቸው ሰው ፈቃዱ ያኔውኑ ይቋረጥበታል፤ የሚመለስለትም ባለሥራው ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ጋሽ ሲጢጥ ፕሮግራሙን ለአርባ አንድ ትምህርት ቤቶች ሊያድሉ ሲሰናዱ ፋይሎቹን እንደ አባታቸው ጠረጴዛ ጠረጉ፤ ትርፍ የመሰላቸውን ሁሉ ሲያነሡ ሦስቱ መስመሮችም አብረው ሄዱ። ልጆቹ ማንንም «አንብብልኝ» ብለው ሳይለምኑ ስድስት ወር ከረሙ። ከዚያም አንድ ባለሙያ ጉድለቱን አይቶ አመለከተ፤ ፕሮግራሙ የተለጠፈበት ድረ ገጽ ሥራውን ከገጹ አነሣ፤ የትምህርት ቤቶቹ የሕግ ክፍልም ከየኮምፒውተሩ እንዲጠፋ አዘዘ። ጋሽ ሲጢጥ መስመሮቹን በዚያው ቀን መለሱ፤ ፈቃዱ ግን አልተመለሰም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለጉንዳን ደብዳቤ ጻፉ። በመጨረሻ የመለሰችላቸው እህቱ ናት፤ ወንድሟ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በፊት መሞቱን፣ ወራሾቹም ፍርድ ቤት እየተካሰሱ በመሆኑ ማንም ሊፈርም እንደማይችል ገለጸችላቸው። ከታች «በሕይወት ቢኖር እየሳቀ ይፈቅድልዎ ነበር» ብላ ጨመረች። የሰበረቻቸው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሲገቡ ልጆቹ እንደ ዱሮው አንባቢ ሲጠብቁ እየሰሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይጮኽ ጫማ አደረጉ። የቤታቸውንም ኮምፒውተር አልማሩም። ባለቤታቸው «እዚህ ደግሞ ማን ያየናል?» ቢሏቸው፣ «እኔ» ብለው ፕሮግራሙን አጠፉት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በገዛ ድምፃቸው ያነቡላቸው ነበር፤ የጉሮሮ ካንሰር ያንኑም እስኪወስድባቸው ድረስ። ድምፃቸው ሲዘጋ በባለቤታቸው መዳፍ ላይ የብሬል ነጥቦችን በጣታቸው እየነኩ ሲያወሩ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። በሰላም ዐረፉ ብንል ግን በእርሳቸው ላይ መዋሸት ይሆናል፤ እስከ መጨረሻው ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

ጋሽ ሲጢጥ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት እህት ወንድሞቻቸውንና በአርባ አንድ ትምህርት ቤቶች አንባቢ የሚጠብቁ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ባለቤታቸው ትናንት የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ በጣታቸው ዳብሰው «ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ማን ያነብልኛል?» ብለው ጠየቁ።

በምድር ያጡትን ይቅርታ ከራሱ ከጉንዳን አፍ በሚሰሙበት ስፍራ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።