ሦስተኛው ዋግምት

ግማሹ ወንበር ባዶ በሆነ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚሄድ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ኪስ አውላቂ ነው፣ ወይ ደግሞ ጋሽ ሜትሮ ናቸው። የልብስ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው፤ ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ያን ቀን ረፋድ ላይም የአውቶቡሱን ብረት ጨብጠው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው እየቆሙ ሲሄዱ አንዲት ወጣት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ጋሼ! በሞቴ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

አዩዋት። የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፉላት የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ አሁን ሆስፒታል ውስጥ ደም ትመረምራለች።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ። እኔ መቀመጥ ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ቁጭ ካልኩ ባቴ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አያምም እኮ፣ ቢያምማ ደግ ነበር! ብቻ አንቀሳቅሰኝ፣ አንቀሳቅሰኝ ይላል። ሲመሽማ አይጣል ነው። ሚስቴ እርግጫዬ ሲመራት ፍራሿን ተሸክማ ሳሎን ገባች።»

ልጅቱ ልትስቅ ብላ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«ይሄ እኮ የታወቀ በሽታ ነው ጋሼ። ሐኪም አይቶዎታል?»

«ሐኪም ምን ያደርግልኛል! ነገሩን ራሴ ደርሼበታለሁ። ደሜ በዝቷል። የበዛ ደም ወደ ታች ይወርድና እግር ውስጥ ይንተከተካል። ስለዚህ ደም የሚሠራውን ምግብ ሁሉ እርም አልኩ። ሥጋ የለ፣ ምስር የለ፣ ጎመን የለ። ዳቦ በሻይ፣ ሩዝ በሻይ። ሻይ ደም ያጥባል።»

ይህን ሲናገሩ ኮራ ብለው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ሞኝ እንዳይመስሉህ፤ ሱፍ ሲቆርጡ ሚሊሜትር አይስቱም። ክፋቱ ልኬቱን አንዴ ከተሳሳቱ በዚያው ስህተት አሳምረው መቁረጣቸው ነው።

«እና ተሻለዎት?»

«ምን እዋሻለሁ፣ በምግቡስ ብሶብኛል። ለዚህ ነው ዋግምት የጀመርኩት። አሁንም ወደዚያው ነኝ፤ ሦስተኛዬ ነው።»

«ደም ሊያስወጡ?!» ብላ ጮኸች። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አያቸው።

«ቀስ በይ እንጂ! ይሠራል እኮ። መጀመሪያ ቀን የወጣው ደም ጠቆር ያለ ነበር። በሁለተኛው ግን ሳሳ፣ ውሃ ውሃ አለ። መጥፎው እያለቀ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ በጠራራ ፀሐይ ለጥ አልኩ።»

«ተኙ ወይስ ወደቁ?»

ጋሽ ሜትሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስቴ ውሃ ደፍታብኝ ነው የነቃሁት።»

«ወይኔ ጉዴ!» አለችና «ይፍቀዱልኝ» ብላ የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ ሳብ አደረገች። ቀይ መሆን የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ደምዎ አልበዛም፤ አልቋል! እግርን እንዲህ ከሚያቁነጠንጡት ነገሮች አንዱ በሰውነት ውስጥ የብረት ማነስ ነው። ብረቱን የሚያገኙት ደግሞ እርም ካሏቸው ምግቦች ነው። የቀረችውን ጥቂት እንኳ ከምግብ ጋር የሚጠጡት ሻይ ሰውነትዎ እንዳይወስዳት ይከለክላል። ዛሬ ደግሞ በዚያ ላይ ሊያስቀዱ ነው። ሊሞቱ ነው እንዴ?»

«አንቺ ትናንት ዩኒፎርምሽን ረግጠሽ ስትወድቂ ያነሳሁሽ ልጅ፣ ዛሬ እኔን...»

«አዎ፣ አንስተውኛል። ዛሬ እኔ ላንሳዎት።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እኔስ ግድ የለም፣ ዕድሜዬን በልቻለሁ» አሉ።

«ቤት ውስጥ እንደርስዎ የሚበላ ሌላ ሰው አለ?»

ጋሽ ሜትሮ ከመስኮቱ ዞር ብለው ክንዷን ያዙ። ድምፃቸው ተሰባብሮ ወጣ።

«ልጄ። እሷንም እግሯን ይዟታል፤ ካረገዘች ወዲህ ባሰባት። ሥጋውንም ምስሩንም ያስተውኳት እኔው ነኝ። ስድስት ወሯ ነው። ዛሬ ዋግምቱ ቤት ቀድማኝ ሄዳለች። አንቺ ግቢ፣ እኔ እደርሳለሁ ብያታለሁ።»

ልጅቱ ክው አለች። «ይደውሉላት!»

ደወሉ። አይነሳም። ደግመው ደወሉ።

«ወራጅ አለ!» ብለው ሲጮሁ ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ። ወርደው፣ ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ፣ ወደ ዋግምቱ ቤት ሮጡ፤ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

በሩን በርግደው ሲገቡ ልጃቸው በርጩማ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ባለ ዋግምቱ ምላጩን አንስቷል።

«እጅህን ሰብስብ!»

«ምነው ጋሽ ሜትሮ፣ ራስዎ አይደሉም እንዴ የላኳት?»

«እኔ ነኝ» አሉ እየቃተቱ። «የላክኋት እኔ ነኝ። ያስራብኳትም እኔው ነኝ። ልጄ፣ ተነሽ።»

የዚያኑ ዕለት አባትና ልጅ ተመረመሩ። የሁለቱም ብረት ተሟጦ ነበር፤ ሐኪሙ የአባትየውን የደም መጠን ሲያይ «በእግርዎ ነው የመጡት?» ብሎ ደግሞ ጠየቀ። እንደየልካቸው ኪኒን አዘዘና «ሳይመረመር ይህን የሚውጥ ሰው ራሱን ይጎዳል፣ ለሰፈርተኛው እንዳታድሉ» ብሎ አስጠነቀቀ። ሥጋው፣ ምስሩና ጎመኑ ከብርቱካን ጋር ወደ ገበታው ተመለሱ፤ ሻዩ ከምግብ ሰዓት ራቀ። ተአምር ወዲያው አልመጣም። በሦስተኛው ወር ግን ጉንዳኑ ረገብ አለ። አንዳንድ ምሽት ዛሬም ብቅ ይላል፤ ቢሆንም ጋሽ ሜትሮ አንድ ኮት ቁጭ ብለው ይጨርሳሉ፣ ሚስታቸውም ፍራሿን መልሳለች። ልጃቸው በሰላም ተገላገለች።

አንድ ቀን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ሲከነክናቸው የከረመውን ልጃቸውን ጠየቋት። «ያን ሁሉ ወር አንዴ እንኳ ለምን እንቢ አላልሽኝም?»

ልጃቸው ግራ ገብቷት አየቻቸው። «አባባ፣ አንተ ተሳስተህ አታውቅማ» አለች።